ታዝዞ የመጣ ፍቅር፦ ሀብት፣ ቤተሰብና ፈቃድ በቱርክ ድራማ

«ጉሙሽ» ከ2005 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በቱርኩ ካናል ዲ ቴሌቪዥን በ100 ክፍሎች የቀረበ የፍቅር ድራማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በገጠር ባደገችው በጉሙሽና በኢስታንቡል ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ በመህመት ጋብቻ ላይ ነው። መህመት የሚወዳትን ሴት በመኪና አደጋ አጥቶ በሐዘን ተሰብሯል። የቤቱ አዛዥ የሆኑት አያቱ ፊክሪ የልጅ ልጃቸውን ከሐዘኑ የምታወጣው ከልጅነቱ የሚያውቃት የገጠር ልጅ ናት ብለው ወሰኑና ጉሙሽን አጩለት። ጉሙሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትወደው ስለኖረች ደስ ብሏት መጣች። መህመት ግን ያገባት የአያቱን ቃል ላለማጠፍ ነው። ሙሽራዪቱ በቦስፎረስ ዳር ወዳለው ትልቅ ቤት ስትገባ የጠበቃት ፊቱን ያዞረባት ባል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ታሪክ በትእዛዝ የተጀመረው ትዳር እንዴት ወደ ፍቅር እንደተለወጠ ያሳያል።

በዚህ ቀላል በሚመስል ታሪክ ውስጥ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ለረጅም ዘመን የተከራከሩበት ጥያቄ አለ። ሰው ሳይመርጥ የገባበት ትስስር በጊዜ ብዛት እውነተኛ ፍቅር ሊሆን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ ፍቅር የሚያደርገው ምንድን ነው? የሽማግሌዎች አርቆ አሳቢነት ነው፣ አብሮ የመኖር ልማድ ነው፣ ወይስ ዘግይቶ የመጣ ፈቃድ? ጥያቄውን የሚያከብደው ሁለት ኃይሎች በአንድነት የሚነኩት መሆኑ ነው። አንደኛው የከተማ ሀብት፣ ሁለተኛው የገጠር ቤተሰብ ወግ ነው። ሁለቱም ለሰው መጠለያ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም በምትኩ መታዘዝን ይጠይቃሉ።

ገጠሩና ከተማው

የቱርክ ድራማ ይህን ጥያቄ በገጠርና በከተማ መካከል ደጋግሞ ማንሣቱ ከአገሪቱ ታሪክ የመነጨ ነው። በ1950 ከሕዝቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ እርዳታ ጭምር የገባው ትራክተር የእኩል አራሹንና የቀን ሠራተኛውን ሥራ ወሰደበት። አዳዲስ መንገዶች ተዘረጉ፤ ፋብሪካዎች በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ተተከሉ። ገጠሬው በባቡርና በአውቶቡስ እየተጫነ ወደ ኢስታንቡል፣ አንካራና ኢዝሚር ጎረፈ፤ በከተሞቹ ዳርቻም ገጀኮንዱ የሚባሉትን በአንድ ሌሊት የሚቆሙ ቤቶች ቀለሰ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የከተማ ነዋሪው ቁጥር ከገጠሩ በለጠ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሚሊዮኖች አያታቸውን በመንደር፣ ልጃቸውን በከተማ ያዩ ሆኑ። የጉሙሽ ጉዞ ለተመልካቹ የቤተሰቡ ጉዞ ነበር ማለት ነው።

የቱርክ ሲኒማ ይህን ጉዞ ከቴሌቪዥን ቀድሞ መርምሮታል። በ1973 ሉትፊ አካድ ያዘጋጀው «ገሊን» ከዮዝጋት ወደ ኢስታንቡል የፈለሰ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ቤተሰቡ የሸቀጥ ሱቅ ከፍቶ ንግዱን ለማስፋት ሌት ተቀን ይሠራል። በተዋናይቷ ሁልያ ኮችይት የተተወነችው ምራት መርየም የታመመ ልጅ አላት፤ ልጁን የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ገንዘብ ይፈልጋል። አማቷ ግን ገንዘቡን በአዲሱ ሱቅ ላይ ያውሉታል፤ ልጁም በአረፋ በዓል ሰሞን ይሞታል። የአረፋ በዓል ነቢዩ ኢብራሂም ልጃቸውን እንዲሠዉ ታዝዘው፣ በመጨረሻ በልጁ ፈንታ በግ የተተካላቸው መሆኑ የሚታሰብበት ነው። በፊልሙ ለልጁ ምትክ አልመጣለትም። ቤተሰቡ ጸሎቱንና ወጉን አላቋረጠም፤ መሥዋዕቱን የሚቀበለው ግን ሱቁ ሆኗል። ከልጇ ሞት በኋላ መርየም ከቤቱ ወጥታ ፋብሪካ ትገባለች።

አካድ ያሳየው ነገር ለዚህ ጥያቄ መሠረታዊ ነው። ገጠር ንጹሕ፣ ከተማ ርኩስ ነው የሚለው ክፍፍል አይጸናም። ያንን ልጅ ያሳጣው የከተማው ሀብት ብቻውን አይደለም፤ የአባትን ቃል የማይጠየቅ ያደረገው ወግም አብሮ ነበረበት። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፈነለት።

ሀብት ምን ያበላሻል?

ከተማና ሀብት የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጡ በጥልቀት ከጻፉት አንዱ የ14ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ኢብን ኸልዱን ነው። በ1377 የጻፈው «ሙቀዲማ» በኋላ በኦቶማን ምሁራን ዘንድ በእጅጉ ተነብቧል፤ በ18ኛው መቶ ዓመትም ወደ ኦቶማን ቱርክኛ ተተርጉሟል። እንደ እርሱ አስተያየት ከከተማ ርቀው በችግር የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ያለ ሌላው መኖር ስለማይችል የጠበቀ መተሳሰብ ይይዛቸዋል። ድፍረታቸውም ሆነ ለበጎ ያላቸው ቅርበት ከዚህ ይመነጫል። ድሎት ሲመጣ አንዱ ለሌላው ያለው አስፈላጊነት ይቀንሳል፤ ከእርሱ ጋር መተሳሰቡም ይላላል። ክብርም በአንድ ዘር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ትውልድ አያልፍም። የመጀመሪያው ይገነባዋል፤ ሁለተኛው ከገንቢው በቅርብ ይማራል፤ ሦስተኛው ያየውን ይደግማል፤ አራተኛው ክብሩ በትውልድ የተገባው እየመሰለው ያፈርሰዋል።

በ«ጉሙሽ» ውስጥ የፊክሪ ውሳኔ በዚህ ብርሃን ሲታይ ትርጉም ያገኛል። አዛውንቱ የሚያሳስባቸው የመህመት ሐዘን ብቻ አይደለም። በሀብት ያደጉት የልጅ ልጆቻቸው ቤቱን ያቆመውን የመተሳሰብ መንፈስ እየረሱት ነው። የገጠሯ ልጅ እንድትመጣ የፈለጉት ያንን መንፈስ ወደ ቤቱ እንድትመልሰው ነው። ይህ አስተሳሰብ እውነት አለው። ሆኖም አንድ ከባድ ጉድለት ይከተለዋል፤ ሴቲቱን የሌሎች መድኃኒት ያደርጋታል። ለባልዋ ሐዘን መጽናኛ፣ ለቤቱም ማደሻ ትሆናለች። ለራሷ ምን እንደምትሆን ግን አልተጠየቀችም። ከተሜው ገጠሬዋን ሲንቃት በግልጽ ይበድላታል፤ ለበጎነቷ ብሎ ሲያመጣትም በሌላ መንገድ መሣሪያ ያደርጋታል።

ግዴታ ፍቅርን ይወልዳልን?

ጋብቻን ቤተሰብ ማቀነባበሩ ከፍቅር ጋር የማይታረቅ የመሰለው በቅርብ ዘመን ነው። ከዘመናዊዎቹ ፈላስፎች መካከል እንኳ በዚህ የማይስማሙ ነበሩ። ጀርመናዊው ሄግል በ1820 በታተመው የሕግ ፍልስፍና መጽሐፉ ወደ ጋብቻ የሚያደርሱ ሁለት ጽንፎችን ይጠቅሳል። በአንደኛው መልካም አሳቢ ወላጆች ያቀራርቡና ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ሕይወት መታሰባቸውን ሲያውቁ ፍቅሩ ይከተላል። በሌላው ፍቅሩ ይቀድምና ጋብቻው ይከተለዋል። ሄግል የመጀመሪያውን ከሥነ ምግባር አንጻር የተሻለ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ለትዳር የሚደረገው ውሳኔ ይቀድማል፣ ስሜቱ በውሳኔው ላይ ይተከላል። ይኸው ሄግል ግን የጋብቻ መነሻ የሁለቱ ሰዎች ነጻ ፈቃድ እንደሆነ አጥብቆ ይናገራል። ወላጅ ሊያቀራርብ ይችላል፤ ፈቃዱን በእነርሱ ፈንታ ሊሰጥ አይችልም።

ከእርሱ የቀደመው ካንት ደግሞ ስሜት የሆነውን ፍቅር ማንም ማዘዝ እንደማይችል ያስተምራል። ሊታዘዝ የሚችለው ሥራ ነው፤ ለሰው በጎ ማድረግ። ሆኖም በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ለሌላው ደጋግሞ በጎ የሚያደርግ ሰው ውሎ አድሮ በእውነት ወደ መውደድ ሊደርስ እንደሚችል ጽፏል። መህመት የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። አስቀድሞ ለሚስቱ አክብሮትን ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ ሥራዋን ያግዛል፣ ችግሯን ይካፈላል፤ ልቡ የሚከተለው በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የተጀመሩ ብዙ ትዳሮች ፍቅር የሞላባቸው ሆነዋል፤ ይህን መካድ የብዙ አባቶችንና እናቶችን ሕይወት እንደ ሐሰት መቁጠር ይሆናል።

የካንት ሐሳብ ራሱ ግን ገደብ ያስቀምጣል። በጎ ማድረግ ወደ ፍቅር የሚያደርሰው በጎ አድራጊው ከራሱ ሲያደርገው ነው። ተገድዶ የተሠራ ደግነት አስመሳይነትን ወይም ቂምን ሊያበቅል ይችላል። ድራማው ይህን አደጋ በብልሃት ያልፈዋል። ጉሙሽ ቀድሞውኑ መህመትን ስለምትወደው የእርሷ ፈቃድ አይፈተንም። የሚፈተነው የመህመት ነው፤ እርሱም ወንድ፣ ሀብታምና በገዛ ቤቱ ያለ ሰው ነው። ባትወደው ኖሮስ? ይህን ጥያቄ ደራሲው አላነሣውም፤ የጉዳዩ አስኳል ግን እዚህ ነው።

ሃይማኖት ስለ ፈቃድ

ይህን ጥያቄ የእስልምና ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው ኸንሳእ ቢንት ኺዳም የተባለች ሴት አባቷ ያለ ፈቃዷ እንደዳራት ለነቢዩ ሙሐመድ አመለከተች፤ ነቢዩም ጋብቻውን አፈረሱት። ከዚህም ጠለቅ ያለ ትምህርት ያለው የበሪራ ታሪክ ነው። በሪራ ከባርነት ነጻ ስትወጣ ባሏን ሙጊስን የመተው መብት አገኘች። ሙጊስ እያለቀሰ በመዲና ጎዳናዎች ይከተላት ነበር። ነቢዩ አዝነውለት ወደ እርሱ እንድትመለስ ነገሯት። እርሷም ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲነግሯት እንደማትፈልገው ገለጸች፤ ነቢዩም አላስገደዷትም። በዚህ ታሪክ የሙጊስ ፍቅር እውነተኛ ነው፤ አማላጁም ከሁሉ የከበረ ነው። ሁለቱም ግን የሴቲቱን እምቢታ አልሻሩትም።

በኦቶማን ግዛት የገነነው የሐነፊ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ዘርፍ) በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ገጽታ አለው። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ያለ ወሊይ (የጋብቻ ሞግዚት) ራሷ መዋዋል እንደምትችል ይፈቅዳል። በሌላ በኩል ባሏ በዘር፣ በሀብትና በሙያ አቻዋ ካልሆነ ወሊይዋ ጋብቻውን እንዲቃወም መብት ይሰጠዋል። አቻ ለአቻ የሚለው ሕግ ሴቲቱን ከውርደት ለመጠበቅ ታስቦ የወጣ ቢሆንም ሀብትን የጋብቻ መለኪያ አድርጎታል። በ1544 ሱልጣን ሱለይማን በኋላ ሸይኸል ኢስላም (የግዛቱ ዋና ሙፍቲ) በሆነው በኤቡሱኡድ ምክር ያለ ወሊይ ፈቃድ የሚደረግ ጋብቻን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ፤ የሴቷም ነጻነት ጠበበ። በዚያ ላይ የመዝሀቡ ሊቃውንት ተገድዶ የተሰጠን የጋብቻ ቃል የሚጸና አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1917 የወጣው የኦቶማን የቤተሰብ ሕግ በዚህ ጉዳይ ከሌላው መዝሀብ ሐሳብ ወስዶ በማስገደድ የሚፈጸም ጋብቻ ዋጋ እንዳይኖረው አደረገ። ሃይማኖት የወግ ጠባቂ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይከሽፋል። ወግ የነጠቀውን ፈቃድ የመለሰው ከራሱ ከሃይማኖቱ ውስጥ የተወሰደ መከራከሪያ ነበር።

ገንዘቡ የማን ነው?

የፈቃድ ነገር ከገንዘብ ተለይቶ አይታይም። በእስልምና ሕግ መህር የሚባለው የባል ስጦታ የሚሰጠው ለሙሽራዪቱ ለራሷ ነው፤ ገንዘቡ የእርሷ ንብረት ሆኖ ይቀራል። በአናቶሊያ ገጠር ለዘመናት የኖረው ባሽልክ የሚባለው ክፍያ ግን ለአባትየው የሚሰጥ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ በሥነ ምግባር ግን ተቃራኒ ናቸው። መህር ሴቲቱን የውሉ ባለቤት ያደርጋታል፤ ባሽልክ ወደ ውሉ ዕቃነት ያወርዳታል። ክፍያውን ለማስቀረት ሁለት ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን የሚለዋወጡበት በርደል የሚባለው ልማድ ደግሞ አንዲት ሴት የሌላዋ ዋጋ እንድትሆን ያደርጋል።

የከተማው ሀብት ከዚህ የተሻለ እንደሆነ ይታሰባል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1869 እንዳስረዳው ከጋብቻ ውጭ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ለጋብቻ የምትሰጠው ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ ሊባል አይችልም። በቦስፎረስ ዳር ያለው ቤት ምቾቱ የበዛ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ሁሉ የአያትየው ነው። ከእርሱ የምትወጣ ምራት ባዶ እጇን ትወጣለች። ወግ መውጣትን ነውር ያደርገዋል፤ ሀብት ደግሞ መውጣትን ውድ ያደርገዋል። ውጤቱ አንድ ነው።

በዚህ ምክንያት በድራማው ውስጥ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ጉሙሽ የልብስ ንድፍ ሥራ ስትጀምር ነው። በራሷ እጅ የምታገኘው ገቢና ስም ሲኖራት በቤቱ መቆየቷ ምርጫ ይሆናል። የቱርክ ሕግም ወደዚህ የደረሰው በዝግታ ነው። ከስዊዘርላንድ ተወስዶ በ1926 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንድ በላይ ማግባትን አስቀርቷል፤ ባልን ግን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት ከቤት ውጭ ለመሥራት የእርሱ ፈቃድ እንዲያስፈልጋት ደንግጎ ነበር። ይህን ድንጋጌ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1990 ሻረው። ከጥር 2002 ጀምሮ የጸናው አዲሱ ሕግ የባልን ራስነት አስቀርቶ በትዳር ዘመን የተፈራው ንብረት ለሁለቱም እንዲካፈል መሠረት ጣለ። ድራማው የተጀመረው ከዚህ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

«ሲላ»፦ ጉዞው ሲገለበጥ

«ጉሙሽ» ያላነሣውን፣ ባትወደው ኖሮስ የሚለውን ጥያቄ በ2006 በኤ.ቲ.ቪ. የተጀመረው «ሲላ» ፊት ለፊት ያነሣዋል። ሲላ የተወለደችው በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በማርዲን አካባቢ ሲሆን በጉዲፈቻ ያደገችው በኢስታንቡል ሀብታም ቤት ነው። ወንድሟ የጎሣ መሪውን እኅት ይዞ ይኮበልላል። ወጉ ሁለቱ እንዲገደሉ፣ አለዚያ ሌላ ሴት በለውጥ እንድትሰጥ ይጠይቃል። ሲላ ተታልላ ወደ ማርዲን ትወሰድና ለጎሣ መሪው ለቦራን ትዳራለች። የእርሷ እሺታ የሰው ነፍስ መያዣ ሆኗል፤ እምቢ ብትል ወንድሟ ይሞታል።

ይህ ድራማም እንደ ሌላው በፍቅር ያበቃል፤ መልሱ ግን የተለየ ነው። የሲላ ልብ ወደ ቦራን የሚዞረው ቦራን ራሱ ደም የሚጠይቀውን ወግ መቃወም ሲጀምር ነው። መሪው ከሥልጣኑ ካልወረደ ባል መሆን አይችልም። ድራማው የቀረበው የቱርክ አዲስ የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ ከዋለ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። ከሰኔ 2005 ጀምሮ የጸናው ያ ሕግ በወግ ስም የሚፈጸም ግድያን በጠና የዕድሜ ልክ እስራት ከሚያስቀጡት ወንጀሎች ተርታ አስገብቶታል። ሆኖም «ሲላ»ም ከጉድለት ነጻ አይደለም። ተመልካቹ የቦራንን መልካምነት ሲያይ አጀማመሩን ይቅር እንዲል ይገፋፋል። በግዴታ የተጀመረ ትዳር ባሉ ደግ ሆኖ በመገኘቱ ያማረ መጨረሻ ቢኖረው የግዴታው በደል ወደ ኋላ ተመልሶ ትክክል አይሆንም። ያ ሰው ጨካኝ ሊሆን ይችል ነበር፤ ሲላ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ተመልካቹና ሊቃውንቱ

«ጉሙሽ» በአገሩ መጠነኛ ተቀባይነት ያገኘ ሥራ ነበር። በ2008 በኤም.ቢ.ሲ. ጣቢያ በሶርያ አረብኛ ተተርጉሞ «ኑር» በሚል ስም ሲቀርብ ግን የአረቡን ዓለም አነጋገረ። ጣቢያው በነሐሴ መጨረሻ የታየውን የመጨረሻ ክፍል 85 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተመለከተው አስታውቋል። በዚያው ዓመት የሳዑዲ አረቢያው ታላቅ ሙፍቲ ሸይኽ አብዱልአዚዝ አል ሸይኽ ድራማውን አውግዘው እንዳይታይ አሳሰቡ። የተቃውሞው ምክንያት በድራማው ውስጥ መጠጥ መኖሩ፣ ከጋብቻ ውጭ ያለ ግንኙነትና ልጅ እንደ ተራ ነገር መታየቱ ነበር።

ይህ ስጋት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ተከታታይ ድራማ የሚያስተምረው በክርክር ሳይሆን በመለማመድ ነው፤ በየምሽቱ የሚታይ ነገር ውሎ አድሮ የተለመደ ይሆናል። ሆኖም በጊዜው ከሴት ተመልካቾች የተሰማው አድናቆት ትኩረቱ በሌላ ነገር ላይ ነበር። የማረካቸው ሚስቱን የሚሰማ፣ ሥራዋን የሚያግዝና ለስሕተቱ ይቅርታ የሚጠይቅ ባል ነው። ይህን መመኘት ሃይማኖትን መጻረር አይደለም፤ ሊቃውንቱ ራሳቸው ከሚያስተምሩት የትዳር ሥነ ምግባር ጋር ይስማማል። በኢትዮጵያም ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ከኪነ ጥበብ ሰዎች በኩል የባህል ስጋት ተነሥቶ ነበር፤ ቤተሰቦች ግን በየምሽቱ ተሰብስበው ተከታተሏቸው። ሽማግሌ በሚላክበትና የወላጅ ምርቃት በሚከበርበት ኅብረተሰብ ውስጥ የፊክሪ ውሳኔ የሩቅ አገር ነገር ሆኖ አይታይም።

የጥያቄው መልስ

ከላይ የታዩት ሐሳቦች ሲጠቃለሉ ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል። በቤተሰብ አቀራራቢነት የተጀመረ ትዳር ፍቅር ሊሆን ይችላልን ለሚለው መልሱ አዎ ነው፤ ሄግልም ካንትም የብዙ ትውልድ ኑሮም ይህን ይመሰክራሉ። ትእዛዝ ፍቅርን ሊፈጥር ይችላልን ለሚለው ግን መልሱ አይችልም የሚል ነው። ትእዛዝ ሁለት ሰዎችን በአንድ ቤት ሊያኖር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ፍቅር የሚጀምረው የትእዛዙ ኃይል ባበቃበት ቦታ ነው። መህመት አያቱን ስለሚፈራ የኖረበት ጊዜና ጉሙሽን ስለሚወድ የኖረበት ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር የተለያዩ ሁለት ትዳሮች ናቸው።

ሁለቱን የሚለየው መስፈርት እምቢ ማለት መቻል ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ስለ ልቡ ምንም አይናገርም፤ እምቢ ማለት እየቻለ የሚቆይ ሰው ግን በየቀኑ እሺ ይላል። የበሪራ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ ከመርየም ፋብሪካ መግባትና ከጉሙሽ ሥራ መጀመር በስተጀርባ ያለውም እውነት ይኸው ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመምከር፣ ለማቀራረብና ለመማለድ ሙሉ መብት አላቸው፤ የእነርሱ ተሞክሮ የሌለበት ምርጫ ብዙ ጊዜ የቸኮለ ይሆናል። ምክሩ ምክር ሆኖ የሚቀረው ግን የእምቢታን ዋጋ እነርሱ ራሳቸው ዝቅ ሲያደርጉት ነው። በገጠር ይህ ማለት የማትፈልገውን ያላገባች ልጅ እንዳትዋረድ መከላከል ነው። በከተማ ደግሞ ምራትም ሆነች ልጅ በገዛ ስሟ ገንዘብና ሙያ እንዲኖራት ማድረግ ነው። ሀብትም ወግም በዚህ ልክ ሲያገለግሉ የሰው መጠለያ ይሆናሉ፤ ከዚህ ሲያልፉ ግን ጠብቀናል የሚሉትን ቤተሰብ ራሳቸው ያፈርሱታል።